ጉቦ ሰጥተው ያውቃሉ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «ኧረ በፍጹም» ይለኛል፤ የመመረቂያ ጥናቴን ምን ላድርገው?

ወሎየዋ

ሰላም ለሁላችሁ። በሶሻል ሳይኮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ ኮርስ ጨርሼ ጽሑፍ ላይ ነኝ። ጥናቴ በከተማ ይዞታ አገልግሎት ላይ ስለሚከፈል ጉቦና ስለ ባለጉዳዮች የኑሮ እርካታ ነው። ከተማውን አልጠራም፤ ምክንያቱ ወደ ታች ስታነቡ ይገባችኋል።

ፕሮፖዛሉ አልፏል። ናሙናው 384 ሰው ነው (አትሳቁ፣ የናሙና ቀመሩ ለሁላችንም የሚያወጣው ይህንኑ ቁጥር አይደል?)። የመጠይቁ የመጀመሪያ ክፍል ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የሚሄድ ባለ 5 ደረጃ ነው፤ ሙስና ተስፋፍቷል፣ ያለ ገንዘብ ጉዳይ አይፈጸምም፣ ኃላፊዎች አይጠየቁም የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረውበታል። መጨረሻው ላይ አንድ ቀጥተኛ ጥያቄ አለ፦ «ባለፉት 12 ወራት ለሠራተኛ ገንዘብ ወይም ስጦታ ሰጥተው ያውቃሉ?» ሁለተኛው ክፍል ሰዎቹ ኑሯቸውን ከ0 እስከ 10 በተቆጠረ መሰላል ላይ እንዲያስቀምጡ ይጠይቃል። ከዚያ ሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ስሌት)፣ ከዚያ ዲፌንስ (ጥናቱን በፈታኞች ፊት ማቅረብ)፣ ከዚያ ጋዋን።

መጠይቁን በሰፈሬ ሰዎች ላይ ሞከርኩት። ሙስና ተስፋፍቷል የሚለው ላይ የማይስማማ የለም። ሰጥተው ያውቃሉ ስል ደግሞ የሰጠ የለም። አንዲት እናት ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ፣ ቶናው ሲቀዳ፣ የሟች ባለቤታቸውን ቤት ስም ለማዛወር ያዩትን ሁሉ አጫወቱኝ። ፋይሉ «አልተገኘም» እየተባሉ ወራት ተመላልሰዋል። በኋላ በር ላይ የሚቆም አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «እኔ አስፈልግልዎታለሁ» አላቸው፤ ፋይሉ በማግሥቱ ተገኘ። ስንት እንደሰጡ፣ ገንዘቡንም ከየት እንዳመጡት ነገሩኝ፤ የዕቁብ ተራ ከሰው ለምነው ነው። መጠይቄ ላይ የተጻፈው ግን «አልሰጠሁም» ነው። ሌላው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። እሳቸው እውነትም አልሰጡም፤ እስከ ዛሬም ይመላለሳሉ። «ብሩ አይደለም ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ነገ ና መባሉ ነው» አሉኝ።

ይህ ሳያንስ፣ የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ ይዤ መሥሪያ ቤቱ ስሄድ ኃላፊው መጠይቁን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና «ጥሩ ነው፣ እዚሁ ተዪው፤ ልጆቹ ለባለጉዳዩ እያደሉ ያስሞሉልሻል» አሉኝ። አማካሪዬም «ጊዜ የለሽም፣ ተቀበያቸው» ይሉኛል።

እንግዲህ ሰው እውነቱን እንዲነግረኝ እንዴት ልጠይቅ? ከኑሮ እርካታ ጋርስ በትክክል እንዴት ላያይዘው? የኃላፊውንስ ግብዣ ምን ልበለው?

ነገ_ና

እህቴ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር አጥንተሽ ምን ልታገኚ ነው? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ አበው ከዘጋው ቆይቷል። 384 ወረቀት ከምታባክኚ ሌላ ርእስ ፈልጊ። የሞራል ጉዳይ በሪግሬሽን አይፈታም።

የድሮ ቆጣሪ

ልጄ፣ እኔ ምሁር አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት የሰው በር በማንኳኳት ነው፤ መጀመሪያ መረጃ ሰብሳቢ፣ በኋላ ተቆጣጣሪ ሆኜ የቤት ለቤት ጥናት ስሠራ ኖሬአለሁ። ሪግሬሽኑን ለሚያውቁት ትቼ ስለ በሩ ልንገርሽ።

መጠይቁን ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እንዳትሰጪ። ፋይሉ እጃቸው ላይ ያለ ባለጉዳይ እነሱ ባቀበሉት ወረቀት ላይ ምን ብሎ እንዲጽፍ ትጠብቂያለሽ? 384ቱም «አገልግሎቱ ግሩም ነው» የሚል ተሞልቶ በጥሩ ካኪ ፖስታ ይመጣልሻል። እንዲያውም ወረቀቱ ለባለጉዳዩ ሳይደርስ እዚያው ቢሮ ውስጥ በአንድ ዓይነት እስክርቢቶ ሊሞላ ይችላል። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለውን «ዛፍ ሥር የተሞላ» እንለው ነበር። ኃላፊውን በአክብሮት አመስግነሽ፣ የጥናቱ ሥርዓት ባለጉዳዩን በቤቱ መጠየቅ እንደሚያዝ ንገሪያቸው። አይጣሉሽም፤ ሥራ ቀነስሽላቸው።

የቀበሌ ሰውም ይዘሽ አትዙሪ። ቤት ለማሳየት ይጠቅማል፤ በር ላይ ግን ይሰናበትሽ። ሰው ከመንግሥት ጋር የመጣ እንግዳ የሚያስተናግድበት ፊት አለው፣ ለጎረቤቱ ልጅ የሚያሳየው ሌላ ፊት ነው። ጎረቤት ገባ ካለ ስለ ጤፍ ዋጋ አንሺና ጠብቂ። አጠገብ ማን እንደነበረ ደግሞ ቅጹ ጥግ ላይ ምልክት አድርጊ፦ ብቻውን፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር፣ ሌላ ሰው ባለበት። በኋላ ስታወዳድሪው ይጠቅምሻል። ባልና ሚስት አንድ ላይ ሲጠየቁ «አልሰጠንም» ሲሉ ሰምቼ፣ ሚስት ወደ ጓሮ ስትሄድ ባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናዘዝ ያየሁት ብዙ ነው። ለካ የሰጠው ከእሷ ተደብቆ ኖሯል!

ዋናው ግን የጥያቄው ቅደም ተከተል ነው። አንቺ በወቀሳ ጀምረሽ በኑዛዜ ነው የጨረስሽው። እስኪ ገልብጪው። መጀመሪያ «ባለፉት 12 ወራት ለይዞታ ጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደው ነበር?» በያቸው። ያልሄደውን ስለ ኑሮው ብቻ ጠይቀሽ እለፊው። የሄደውን ታሪኩን ጠይቂው፦ ጉዳዩ ምን ነበር፣ መቼ ጀመሩት፣ ስንት ጊዜ ተመላለሱ፣ የትኛው መስኮት ላይ ቆመ፣ በመጨረሻ በምን ተንቀሳቀሰ። «በምን ተንቀሳቀሰ» የሚለው ላይ ሲደርስ አብዛኛው ሰው ራሱ ይነግርሻል። እናትየዋ ቡና ላይ የነገሩሽ ቡናው አስክሯቸው እኮ አይደለም፤ ታሪክ እያወሩ ስለነበር ነው።

አማካይ_ስህተት

ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። የድሮ ቆጣሪ ያሉትን ሁሉ እፈርማለሁ፤ ስለ ቁጥሩ ልጨምር።

የመጀመሪያው ክፍልሽ የሚለካው ሰዎች ስለ ሙስና ያላቸውን አስተያየት ነው። አስተያየትና ገጠመኝ ይለያያሉ። በየዓመቱ ዜና የሚሆነው የፀረ ሙስናው ድርጅት የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የሙስና ነጥብ (100 ማለት ንጹሕ ነው፤ ኢትዮጵያ በ2023 እ.ኤ.አ. 37 ነበራት) የባለሙያዎችና የነጋዴዎች ግምት እንጂ የተራ ባለጉዳይ ገጠመኝ ቆጠራ አይደለም። የዓለም ባንክ በ2012 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ሙስና በ8 ዘርፎች ከፋፍሎ ሲያጠና በጤና፣ በትምህርትና በውኃ አገልግሎት ላይ ያለው ከሌሎች ድሃ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ መሆኑን፣ እንደ መሬት ባሉት ዘርፎች ግን ስጋቱ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። «ሙስና ተስፋፍቷል፣ ይስማማሉ?» የሚል ጥያቄ ይህን ልዩነት አያወጣልሽም።

ከእርካታ ጋር ስታያይዢው ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የከፋው ሰው ሁሉ ነገር ከፍቶ ነው የሚታየው። ሙስና ስላለ ነው ያዘነው፣ ወይስ ስላዘነ ነው ሙስና በዝቶ የታየው? ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው አፍ ስትሰበስቢ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍል በሙሉ ብታወጪው አላዝንም። አማካሪሽ ያዝኑ ይሆናል።

ሰው የሚደብቀውን ለመጠየቅ የታወቁ ዘዴዎች አሉ። አንደኛው የዝርዝር ዘዴ ነው። ናሙናውን በዕጣ ለሁለት ትከፍያለሽ። ለአንዱ ወገን 4 ተራ ድርጊቶች ታነቢለታለሽ፦ ፎርም ገዛሁ፣ ማመልከቻ አስጻፍኩ፣ ወዘተ። ለሌላው እነዚያኑ 4 እና «ለሠራተኛ ገንዘብ ሰጠሁ» የሚለውን 5ኛ። የትኛውን እንዳደረገ ሳይሆን ስንቱን እንዳደረገ ብቻ ይነግርሻል። አማካዩ በአንዱ ወገን 2.1፣ በሌላው 2.4 ቢሆን፣ 0.3 ማለት 30 በመቶው ሰጥቷል ማለት ነው። ያምራል። ነገር ግን 384ን ለ192 እና 192 ስትከፍይው፣ የመልሶቹ መደበኛ ልይይት (መልሶቹ ከአማካዩ የሚራራቁበት መጠን) 1 አካባቢ ከሆነ፣ ያ 30 በመቶ በሁለቱም በኩል 20 ነጥብ ገደማ ይወዛወዛል። ከ10 እስከ 50 በመቶ ማለት ነው። ይህን ይዘሽ ዲፌንስ አትገቢም።

ሁለተኛው የሳንቲም ነው፤ መነሻው በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣ የዋርነር ሐሳብ ነው። ሰውዬው አንቺ ሳታዪ ሳንቲም ይወረውራል። አንበሳ ከወጣ ምንም ይሁን «አዎ» ይላል፤ ካልወጣ እውነቱን። ከ384ቱ 230 «አዎ» ቢሉ፣ 192 ያህሉ የሳንቲሙ ናቸው፤ ከቀሩት 192 ውስጥ 38ቱ የእውነት አዎ ይሆናሉ፣ 20 በመቶ ገደማ። ስህተቱም 10 ነጥብ አካባቢ ነው፤ ከዝርዝሩ ይሻላል።

ሁለቱም ግን ለአንቺ ጥያቄ አይመቹም። የእነዚህ ዘዴዎች ጥበብ የእያንዳንዱን ሰው መልስ መሸፈኑ ነው። አንቺ ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው ገጠመኝ ከዚያው ሰው እርካታ ጋር ማያያዝ ነው የፈለግሽው። የሚያያይዝ ስሌት አለ፤ ለ384 ሰው ግን አልመክረውም።

@ነገ_ና፦ «ሁሉም ያውቀዋል» ላልከው፣ ኡጋንዳ ውስጥም ሁሉም ያውቅ ነበር። ከ1991 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ከላከው የድጎማ ገንዘብ ትምህርት ቤቶቹ ጋ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ መሆኑ በጥናት ተቆጥሮ እስኪወጣ ድረስ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በኋላ መንግሥት የሚልከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማሳወቅ ጀመረ፣ ትምህርት ቤቶቹ የሚደርሳቸውም እጅግ ጨመረ።

የድሮ ቆጣሪ

ሳንቲሙን ሞክረን እናውቃለን፣ ለሌላ ጉዳይ። ወጣቶቹ እየሳቁ ይወረውራሉ። አዛውንቶቹ ግን «ቁማር ነው እንዴ?» ይላሉ። አንድ አባት ሳንቲሙን ኪሳቸው ከትተው ሲነሡ የሚከለክላቸው አልነበረም።

ሕግ_ነክ

ጠበቃ ነኝ፤ የአንድ ተቋም የጥናት ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥም እሠራለሁ። አንድ የዘለላችሁት ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ ሰጪውም ወንጀለኛ ነው። «ሰጥተው ያውቃሉ?» ማለት «ወንጀል ፈጽመው ያውቃሉ?» ማለት ነው። ይህን ጥያቄ ከስምና ከስልክ ቁጥር ጋር አንድ ወረቀት ላይ ካሰፈርሽ ጥናት ሳይሆን ማስረጃ እየሰበሰብሽ ነው። እናትየዋም በጽሑፍ «አልሰጠሁም» ማለታቸው አስተዋይነታቸው ነው።

ስለዚህ ፊርማ አታስፈርሚ። የቃል ፈቃድ ይበቃል፤ ኮሚቴሽን በዚህ መልክ አስፈቅጂው። ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር አይጻፍ። የጉዳዩን ታሪክ ስትመዘግቢም ተጠንቀቂ፤ «ባሏ የሞተባት፣ ስም ዝውውር፣ በዚህ ወር» የሚል ማስታወሻ በትንሽ ከተማ ውስጥ ስም እንደመጻፍ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ስልክሽ ላይ በድምፅ የቀዳሽው ሁሉ የምትጠየቂበት መረጃ ነው። ያልሰበሰብሽውን ስም ማንም ሊወስድብሽ አይችልም።

ሌላ መንገድም አለ። «ሰጥተው ያውቃሉ» ከማለት «ተጠይቀው ያውቃሉ» በይ። ጉቦ መጠየቅ የጠያቂው ወንጀል ነው፤ የተጠየቀው ሰው የሚደብቀው ነገር የለውም።

አማካይ_ስህተት

@ሕግ_ነክ ያሉት ከሕግም አልፎ ለጥናቱ መልስ ሊሆን ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ውስጥ 16.5.1 የሚባለው መለኪያ የሚቆጥረው እንዲህ ነው፦ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ አንዴ ከመንግሥት ሠራተኛ ጋር ከተገናኙት ውስጥ ጉቦ የሰጡ *ወይም የተጠየቁ*። የድሮ ቆጣሪ «መጀመሪያ ሄደው እንደሆን ጠይቂ» ያሉት እዚያው ውስጥ አለ፤ መጽሐፍ ሳያዩ ነው የደረሱበት።

አሁን ወሎየዋ የጻፍሽውን መልሼ ሳነብ፣ ሹፌሩ ናቸው ዓይኔን የገለጡልኝ። የመጀመሪያ ዕቅድሽ ሰጪንና ያልሰጠን ያወዳድራል። እንበልና እናትየዋ ካርታቸውን አግኝተው መሰላሉ ላይ 6 አሉ፤ ሹፌሩ ዛሬም እየተመላለሱ 3 አሉ። ኮምፒዩተርሽ ጉቦ መስጠት ከተሻለ እርካታ ጋር ይሄዳል ብሎ ያትምልሻል፤ «በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም» የሚለውን የኮከብ ምልክትም ይጨምርበታል። ስሌቱ አልተሳሳተም፣ አወዳዳሪው ነው የተሳሳተው። የሚሰጠው መስጠት የሚችለው ነው፤ ገንዘብ ያለው፣ ዘመድ ያለው፣ ቢያንስ ዕቁብ ያለው። «አልሰጠሁም» በሚለው ሣጥን ውስጥ ደግሞ ሦስት የማይገናኙ ሰዎች ታጭቀዋል፦ ማንም ሳይጠይቀው ጉዳዩ ያለቀለት፣ ተጠይቆ እምቢ ያለ፣ ተጠይቆ መክፈል ያቃተው። እነዚህን ለይተሽ ካወጣሽ ጥናት አለሽ። የጉቦ ጉዳት የሚታየው ከከፈለው ይልቅ መክፈል ባቃተው ላይ ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ፤ ይህንን ፈትሺው።

የጉዳዩን ሁኔታም ጨምሪ፦ አልቋል፣ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ቆሟል፣ ተስፋ ቆርጦ ትቶታል። የመሰላሉን ጥያቄ ከይዞታው ወሬ *በፊት* አድርጊው። ሰው ስለ መሥሪያ ቤቱ አውርቶ ሲያበቃ ኑሮውን ጠይቂው፣ ያን ቀን ሁሉም 2 ነው።

ወሎየዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ሌሊቱን መጠይቁን እንደገና ጻፍኩት። የ5 ደረጃው ክፍል ወጣ። መሰላሉ መጀመሪያ መጣ፣ ከዚያ መሄድ አለመሄድ፣ ከዚያ የጉዳዩ ታሪክ፣ ከዚያ «ገንዘብ ወይም ስጦታ እንዲሰጡ በቀጥታም ሆነ በዘወርዋራ የተጠየቁበት ጊዜ ነበር?»። ሰጠህ ወይ የሚል ጥያቄ የለም፤ የነገረኝ ካለ እንኳ ቁጥር እንጂ ዝርዝር አልጽፍም። አማካሪዬ መጀመሪያ «ፕሮፖዛሉ ላይ ያለውን ስኬል ምን ልትዪው ነው?» ብለው ተቆጡ። የሹፌሩንና የእናትየዋን ነገር በ6 እና በ3 ስነግራቸው ግን ዝም አሉና «ኮሚቴው ማሻሻያውን ካጸደቀው ቀጥዪ» አሉ። የኃላፊውንም ግብዣ መልሻለሁ፤ ጋሼ እንዳሉት አልተጣላንም።

አንድ የቀረኝ አለ። የጉዳዩን መጨረሻ የሚነግሩኝን ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ብይዝ ይቀለኛል፣ በቀን ብዙ ሰው ይገኛል። ቤት ለቤት ግን ሄዶ የማያውቀው ይበዛብኛል።

አማካይ_ስህተት

በር ላይ ከቆምሽ ብዙ የሚመላለስ ሰው ብዙ ጊዜ ይገጥምሻል፤ በአንድ ቀን የጨረሰው ያመልጥሻል። ተስፋ ቆርጦ የተወው ደግሞ ፈጽሞ አይገኝም፣ እሱ ነው ደግሞ ዋናው ሰውሽ። ቤት ለቤት ይሁን። 384 የሚለውን የሄዱት ብቻ ቁጥር አታድርጊው፤ የሄዱት 150 ቢሆኑም በደንብ የተጠየቁ 150 ይሻላሉ። ያልሄዱትም ለማወዳደሪያ ይጠቅማሉ።

መረጃ ሰብሳቢ የምትቀጥሪ ከሆነም ከየሰብሳቢው ጥቂት ቤቶችን ራስሽ ተመልሰሽ አረጋግጪ። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ስመ ጥር ጥናት ነበር፤ ሰዎች ቅጽ ከመሙላታቸው በፊት ቢፈርሙ የበለጠ ሐቀኛ ይሆናሉ የሚል። ከመረጃው አንዱ ከመኪና መድን የመጣ የኪሎሜትር ንባብ ነበር፤ በኋላ ሲመረመር የተፈበረከ ሆኖ ተገኘና ጽሑፉ በ2021 ተሰረዘ። ስለ ሐቀኝነት የተጻፈ ጥናት ነው እንግዲህ።

ነገ_ና

ይቺን የመጨረሻዋን ወደድኳት። ዛፍ ሥር መሙላት እነሱም ጋ አለ ማለት ነው።

የድሮ ቆጣሪ

አለ፤ የእነሱ ዛፍ አየር ማቀዝቀዣ አለው እንጂ።

ወሎየዋ፣ ሰብሳቢ ስትመርጪ ያንኑ ሰፈር ልጅ ለሰፈሩ አትመድቢ፤ ሰው ምስጢሩን ለማያውቀው እንጂ ለጎረቤቱ ልጅ አያወጣም። መጀመሪያ ላይ የጎረቤት ልጅ ያልኩት ስለ ፊቱ ነው፣ ስለ ምስጢሩ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ጥሩ ነው፣ እሑድም ከቅዳሴ መልስ። አርብ ቀትር ላይ ሙስሊም ሰፈር አትሂጂ፣ ወንዶቹን አታገኚያቸውም። ተስፋ ቆርጦ የተወ ሰው ደግሞ «ጉዳይ የለኝም» ነው የሚልሽ፤ «ጀምረው የተዉት ነገርስ?» ብለሽ አንድ ጊዜ ድገሚለት። ይቺን ጥያቄ ቅጹ ላይ አስገቢያት።

ወሎየዋ

አስገብቻታለሁ፣ 4ኛ ቁጥር ላይ።